በሥራ ቀን ምሽት የሚሠራ እራት፤ ዶሮ በነጭ ስጎ ከፓስታ ጋር

የሰው ልጅ በሕይወት ለመኖር ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ምግብ ዋነኛው መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ነገር ግን ምግብን መብላት ማወቅና ምግብን መሥራት ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ በደብተሩ የጻፈው ብዙ ነው፤ በቤቱ ምድጃ ላይ የተጣደው ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ የእራት ምግብ፤ ይኸውም በወተት ስጎ ስለሚሠራ የዶሮ ፓስታ፤ የማውቀውን ለመጻፍ ወደድሁ። ስለ ምግቡ ብቻ ሳይሆን በየደረጃው ለምን እንዲያ እንደሚደረግ ጭምር እገልጻለሁ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ዕቃ ቢጎድልበት እንኳ መላ አያጣምና።

ምሽቱ ለምን አጠረ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ምሽት አጭር ነው። ወላጆቻችን ከሥራ ወጥተው፤ ታክሲ ተሰልፈው ጠብቀው፤ ቤት የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ምድጃ ቢለኮስ እራት የሚቀርበው በ2 ሰዓት ተኩል፤ ዕቃው ታጥቦ ደብተር የሚገለጠው ደግሞ ከ3 ሰዓት በኋላ ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለሚጠብቀው ተማሪ በየቀኑ አንድ ሰዓት መጥፋት ቀላል ጉዳት አይደለም። በሳምንት አምስት ሰዓት፤ በወር ሃያ ሰዓት ያህል ማለት ነው።

ዶሮ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የዶሮ ወጥን ነው። የዶሮ ወጥ የበዓል ንጉሥ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሽንኩርቱ ብቻውን በዝግታ ሲቁላላ፤ በርበሬው ሲበስል፤ ዶሮው በየብልቱ ተገንጥሎ ሲታጠብ ግማሽ ቀን ያልፋል። ማክሰኞ ማታ የዶሮ ወጥ ልሥራ የሚል ተማሪ ወይ ወጡን ወይ ትምህርቱን ያበላሻል። እኔ የምገልጸው ምግብ ግን ከ12 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በገበታ ላይ ይቀርባል።

ፓስታና አገራችን

ፓስታ ከኢጣልያ የመጣ ምግብ ነው። ኢጣልያኖች ኤርትራን ቅኝ ግዛታቸው ካደረጉበት ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ተለመደ፤ በአገራችንም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን በከተሞች ተስፋፋ። ወራሪው ሲባረር ፓስታው ግን ቀረ። ፓስታ፤ መኮሮኒ፤ ላዛኛ፤ ሳልሳ፤ ፉርኖ፤ ስጎ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የወረስናቸው ናቸው። እኛም የራሳችንን ጨመርንበት፤ ፓስታን በእንጀራ ላይ አድርጎ መብላትን ለመድን።

ስንዴው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥሩ ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው። ይህ ስንዴ በኢትዮጵያ ገበሬዎች እጅ ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ የኖረ ሲሆን፤ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የነበረው የሩስያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በዝርያው ብዛት ተደንቆ ዘር ሰብስቦ ሄዷል። ዛሬም በባሌና በአርሲ ይመረታል። ዱረም ስንዴ ጠንካራ ፕሮቲን ስላለው ስታርቹን እንደ መረብ አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ፓስታው ሲቀቀል ቶሎ አይላቁጥም። ፓስታ ስንገዛ በማሸጊያው ላይ ዱረም የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ዶሮና ክሬም የተጨመረበት ፓስታ ግን ከኢጣልያ ይልቅ የአሜሪካኖች ልማድ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አልፍሬዶ ዲ ሌሊዮ የተባለ የሮማ ከተማ የምግብ ቤት ባለቤት ፓስታን በቅቤና በፎርማጆ ብቻ እየለወሰ ያቀርብ ነበር። ምግቡ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ክሬም፤ ቆይቶም ዶሮ ተጨመረበት። እንግዲህ ምግብ እንደ ሰው አገር ሲለውጥ ጠባይ ይለውጣል፤ እኛም እንደ ቤታችን ብናስተካክለው የሚከለክለን የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአምስት ሰው የሚበቃው መጠን የሚከተለው ነው።

ፓስታ ወይም መኮሮኒ ግማሽ ኪሎ፤
አጥንት የሌለው የዶሮ ደረት ሥጋ ግማሽ ኪሎ፤
ወተት ግማሽ ሊትር፤
የገበታ ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ፤
የፉርኖ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ፤
ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ፤
መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት 1፤ ነጭ ሽንኩርት 3 ፍሬ፤ ካሮት 2፤
ጨው፤ ቁንዶ በርበሬ፤ ቢገኝም ጥቂት የጥብስ ቅጠል።

በገበያ የሚሸጠው ክሬም ውድ ስለ ሆነ በእሱ ፋንታ ወተት በቅቤና በዱቄት እናወፍራለን። ይህም ላዛኛ የሚሠሩ ሰዎች ቤሻሜል የሚሉት ስጎ ነው። ፎርማጆ ያለው ሰው አንድ እፍኝ ፈቅፍቆ ይጨምር፤ የሌለው ይተወው። የእኛ አይብ ግን ለዚህ ስጎ አይሆንም፤ አይብ ከአሬራ በሙቀትና በኮምጣጤነት የረጋ ስለ ሆነ ሲሞቅ አይቀልጥም፤ እንደ ተፈረፈረ ይቀራል። ወተቱ ከጎረቤት ላም የታለበ ከሆነ አስቀድሞ መፍላት አለበት፤ ባልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ሌሎችም በሽታዎች ሊተላለፉ ይችላሉና።

ስለ ዶሮው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት የታረደውን ይገዛል። የሐበሻ ዶሮ ጣዕሙ መልካም ቢሆንም ሥጋው ስለሚጠነክር ረጅም ጊዜ መቀቀል ይፈልጋል፤ ለዚህ ምግብ የሚስማማው የእርባታ ዶሮ ነው። የበረደ ከሆነ በዋዜማው ማታ ከበረዶ ክፍሉ አውጥቶ በፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ማሳደር ይገባል። ጠዋት በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ አደገኛ ነው፤ ውስጡ በረዶ እንደ ሆነ ውጭው ሞቆ ተሕዋስያን ይራቡበታልና።

አሠራሩ

1ኛ፤ በ12 ሰዓት ተኩል እጅን በሳሙና ታጥቦ 3 ሊትር ውሃ በትልቅ ድስት ከድኖ መጣድ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው ይጣድ የምለው ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው እሱ ስለ ሆነ ነው። እኛ ስንከትፍ እሱ ይሞቃል። ክዳኑ ደግሞ እንፋሎቱን አምቆ ስለሚይዝ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ የመብራቱም ሆነ የከሰሉ ወጪ ይቀንሳል።

2ኛ፤ ሽንኩርቱን፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ካሮቱን አድቅቆ መክተፍ ነው። ዶሮው የሚቆረጠው ከአትክልቱ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም። ጥሬ ዶሮ የነካው መክተፊያና ቢላዋ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ሳይታጠብ ሌላ ምግብ ሊነካ አይገባውም።

3ኛ፤ ዶሮውን በአውራ ጣት ውፍረት ቆርጦ፤ በንጹሕ ወረቀት ወይም ጨርቅ አድርቆ፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ ማዘጋጀት ነው፤ ጨርቁም ወዲያው ይታጠብ። ማድረቁ ከንቱ ድካም አይደለም። ሥጋ ቡናማ ቀለምና መልካም ሽታ የሚያገኘው ፕሮቲኑና በውስጡ ያለው ስኳር ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሲገናኙ ነው። በላዩ ውሃ ካለ ግን ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ አያልፍም፤ ዶሮው መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል።

4ኛ፤ በሁለተኛው ምድጃ ላይ ዘይቱን በመጥበሻ በደንብ አግሎ ዶሮውን ሳይደራረቡ መደርደር ነው። ለ3 ደቂቃ ያህል ሳይነኩት ትቶ፤ ቀጥሎ ገልብጦ፤ በጠቅላላው ከ6 እስከ 8 ደቂቃ መጥበስ ይበቃል። መጥበሻው ጠባብ ከሆነ በሁለት ጊዜ ይጠበስ። ከዚያ በንጹሕ ሳህን ላይ ይወጣል።

5ኛ፤ ውሃው በዚህ ጊዜ ይፈላል። አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሮ ፓስታውን መክተትና እንዳይያያዝ በመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች ማማሰል ነው።

6ኛ፤ ፓስታው ሲቀቀል ዶሮው በተጠበሰበት መጥበሻ ላይ ቅቤውን አቅልጦ፤ ሽንኩርቱንና ካሮቱን ለ3 ደቂቃ አቁላልቶ፤ ነጭ ሽንኩርቱንና የጥብስ ቅጠሉን መጨመር ነው። መጥበሻው አይታጠብም፤ በታቹ የተጣበቀው ቡናማ ነገር የስጎው ጣዕም ነው። ቀጥሎ ዱቄቱን ነስንሶ አንድ ደቂቃ ማማሰል፤ ከዚያም ወተቱን በመጀመሪያ በማንኪያ፤ ቀጥሎ በጭልፋ፤ በመጨረሻ ሁሉንም እየጨመሩ ማማሰልን አለማቋረጥ ነው። ለ5 ደቂቃ በዝግታ ሲንተከተክ ማንኪያ ጀርባ ላይ የሚቀር ስጎ ይሆናል።

ስጎ የሚጓጉለው ለምን እንደ ሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ። ዱቄት በቀጥታ በሙቅ ወተት ላይ ቢጣል የውጭው ዱቄት ወዲያው ውሃ ጠጥቶ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ የውስጡም ደረቅ ዱቄት እንደ ታሰረ ይቀራል። ዱቄቱ አስቀድሞ በቅቤ ከታሸ ግን ቅቤው እያንዳንዱን ቅንጣት ለብቻው ስለሚለብሰው ቅንጣቶቹ ሳይጣበቁ በየራሳቸው ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ስጎውም ለስላሳ ይሆናል። ገንፎ ስናገነፋ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየነሰነስን አጥብቀን የምናማስለውም ለዚሁ ነው፤ እናቶቻችን ሳይንሱን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል።

7ኛ፤ ዶሮውን ከወጣው ፈሳሽ ጋር ወደ ስጎው መልሶ እስኪንተከተክ ማሞቅ ነው። ከዚያም ፓስታው ሙሉ በሙሉ ከመብሰሉ አንድ ደቂቃ በፊት ከተቀቀለበት ውሃ አንድ ብርጭቆ አስቀርቶ ማጥለልና በስጎው ውስጥ ጨምሮ ለአንድ ደቂቃ መለወስ ነው። ቢወፍር ከቀረው ውሃ ጥቂት ይጨመርበት። ያ ውሃ ከፓስታው የወጣ ስታርች ስላለበት ቅባቱንና ውሃውን አስማምቶ ያይዛል። ስለዚህ የበሰለ ፓስታን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ የብዙ ቤት ልማድ ቢሆንም ለዚህ ምግብ አይሆንም፤ ስጎውን የሚይዘው ስታርች ታጥቦ ይሄዳልና።

አንድ ምድጃ ብቻ ያለው ሰው አስቀድሞ ዶሮውንና ስጎውን ሠርቶ ከድኖ ያቆይ፤ ቀጥሎ ፓስታውን ቀቅሎ ያደባልቀውና መልሶ ያንተክትከው። ውሃውን በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ቢያፈላው የሚጠፋው ጊዜ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም።

ከፍታና የውሃ መፍላት

በፓስታ ማሸጊያ ላይ 9 ደቂቃ ተብሎ ተጽፎ በቤታችን በ9 ደቂቃ የማይበስለው ለምን ነው? ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በድሬዳዋ 96፤ በባሕር ዳር 94፤ በደብረ ብርሃን 90 ወይም 91 ዲግሪ ያህል ይሆናል። እሳቱን ብንጨምር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ በአዲስ አበባ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው 2 ወይም 3 ደቂቃ መጨመር፤ ከሁሉም ይበልጥ ግን አንዱን ዘለላ አውጥቶ መቅመስ ያስፈልጋል።

ስለ ጤንነት

የዚህ ምግብ ትልቁ አደጋ ያልበሰለ ዶሮ ነው። ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላል፤ የሚሞቱትም የሥጋው መካከል 74 ዲግሪ ሲደርስ ነው። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው ከሁሉ ወፍራሙን ቁራጭ ለሁለት ሰንጥቆ ይመልከት፤ ሥጋው ሁሉ ነጭ፤ ፈሳሹም ንጹሕ መሆን አለበት። ሥጋው በትንሹ ይቆረጥ ያልሁበት፤ በመጨረሻም በስጎው ውስጥ እንደገና ይንተክተክ ያልሁበት ምክንያት ይኸው ነው።

ዶሮን ደጋግሞ ማጠብ የአገራችን የጥንት ልማድ ነው፤ በቤት ታርዶ ለተነጨ ዶሮም ተገቢ ነው። ተነጭቶና ተጠርጎ ለተሸጠ የደረት ሥጋ ግን የቧንቧ ውሃ መልቀቅ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ ውሃው እየተረጨ ተሕዋስያኑን በሳህኑና በሰላጣው ላይ ይበትናል። ማጠብ ግድ የሚላቸው ቢኖሩ በጎድጓዳ ዕቃ፤ በቀስታ፤ ሌላ ምግብ በአጠገቡ ሳይኖር ያድርጉት። ተሕዋስያኑን የሚገድለው እሳት ነው፤ ሎሚና ጨው አይደሉም።

የተረፈውን ከ2 ሰዓት ሳያሳልፉ በፍሪጅ ማስቀመጥ፤ ሲበላም እንፋሎት እስኪያወጣ ማሞቅ ይገባል። ለማግሥቱ በምሳ ዕቃ ይዞ መምጣትን ግን አልመክርም፤ ወተትና ዶሮ ያለበት ምግብ እስከ እኩለ ቀን በሙቅ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ይበላሻልና።

ስለ ጥቅሙና ስለ ጾም

ግማሽ ኪሎ ዶሮ ብቻውን ለአምስት ሰው ቢቀርብ ያጣላል፤ ከፓስታና ከወተት ጋር ሲሆን ግን ያጠግባል። ዶሮው፤ ፓስታውና ወተቱ ተደምረው ለአንድ ሰው 35 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣሉ። ካሮቱ ደግሞ ቫይታሚን ኤ ያስገኛል፤ ፎሶልያ ወይም ደቆ የተከተፈ ጎመን ቢጨመርም ይስማማል።

በጾም ለሚኖሩ ቤተሰቦች ረቡዕና ዓርብ ለዚህ ምግብ አይሆኑም። በእነዚያ ቀኖች ያንኑ ፓስታ በቲማቲምና በድፍን ምስር ስጎ መሥራት ይቻላል፤ ምስሩ ቀደም ብሎ ከተዘፈዘፈ ጊዜውም ከዚህ አይበልጥም። አያታችን ፓስታውን በእንጀራ ላይ ካልሆነ አይበሉም፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት የስጎውን ቅባት ስለሚቆርጠው እኔም ከእሳቸው ጋር መብላት ጀምሬያለሁ።

ሥራው የማን ነው

ከአንድ ትምህርት ቤት፤ በአንድ ሰዓት፤ በአንድ መንገድ ወደ አንድ ቤት የሚመለሱ ወንድምና እህት በብዙ ቤት በሩ ላይ ይለያያሉ፤ እሱ ወደ ደብተሩ፤ እሷ ወደ ማዕድ ቤት። ፈተናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ ፈታኙ «ምሽቱን እራት ስትሠሪ ነበርሽን?» ብሎ ነጥብ አይጨምርላትም። በአንጻሩም ድስት መጣድ የማያውቅ ወንድ ነገ ለሥራ ወይም ለትምህርት ከቤቱ ርቆ ሲሄድ ይቸገራል።

በእኛ ቤት ማክሰኞና ሐሙስ እራት የምንሠራው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ማክሰኞ እሱ ይልጣል፤ ይከትፋል፤ ፓስታውን ይቀቅላል፤ እኔ ዶሮውንና ስጎውን እይዛለሁ፤ ሐሙስ እንለዋወጣለን። አያታችን በመጀመሪያ «ወንድ ልጅ ምን ሊሠራ ማማሰያ ይይዛል?» ብለው ነበር፤ አሁን ግን የእሱ ስጎ ከእኔ ይሻላል ብለው ይፈርዳሉ። እናታችን ከሥራ ሲመለሱ እራቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ ዕቃው ታጥቦ በ2 ሰዓት ሁለታችንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንማራለን። ለእናታችንም ከሥራ በኋላ አረፍ የሚሉበት ጊዜ ተገኝቷል።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በመማሪያ ክፍል ብቻ የሚኖሩ አይደሉም፤ በየቤታችን ድስት ውስጥም አሉ። ክቡራን ወላጆችም ልጆቻችሁን ወንድ ሴት ሳትሉ ወደ ማዕድ ቤት እንድታስገቡልን እለምናለሁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና፤ የቤት ሥራም ሲካፈሉት ለሁሉም ጊዜ ይተርፋል።